ከአጥቂነት እስከ አሰልጣኝነት፦ ሉዊስ አራጎኔስ ስፔንን እንዴት ቀየራት?

ስፔን ሲባል ዛሬ ቶሎ ትዝ የሚለን ኳስ ይዞ መጫወት ነው። ታዳጊ ልጅ እንኳ ያውቀዋል። ግን ይሄ ስም ያን ያህል የቆየ አይደለም። እስከ 2008 ድረስ ስፔን የምትታወቀው በሌላ ነገር ነበር። ስመ ጥር ተጫዋቾቿን ሰብስባ ትሄዳለች። ሁሉም ሰው ዘንድሮስ ዋንጫው የእሷ ነው ይላል። ከዚያ ሩብ ፍጻሜ ላይ፣ አንዳንዴም ከዚያ በፊት፣ ሻንጣዋን ይዛ ትመለሳለች።

ይህን ታሪክ የዘጋው ሰው የባርሴሎና የቅብብል ሊቅ አልነበረም። የአትሌቲኮ ማድሪድ የቀድሞ አጥቂ ነው። በተጫዋችነትም በአሰልጣኝነትም ዘመኑን በአብዛኛው ያሳለፈው በመልሶ ማጥቃት ነው። ሥራውን ሲፈጽም 70 ዓመት ሊሞላው አንድ ወር ቀርቶት ነበር። ስሙ ሉዊስ አራጎኔስ ይባላል።

ታዲያ በረጅም ኳስና በፈጣን አጥቂዎች ያደገ ሰው እንዴት የአጫጭር አማካዮች አባት ሆነ? ብዙ ሰው «ሐሳቡን ቀይሮ ነው» ይላል። እኔ ግን እንደዚያ አይመስለኝም። ሉዊስ ሐሳብ አልቀየረም፣ መጀመሪያም ቢሆን የአንድ አጨዋወት አማኝ አልነበረም። ያለውን ተጫዋች ያያል፣ ለዚያ ተጫዋች የሚሆነውን ጨዋታ ይሠራል። ይህ እንዲገባን ከመነሻው መጀመር አለብን። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አጥቂው

ሉዊስ የተወለደው ጁላይ 28 ቀን 1938 ነው፣ የስፔን የእርስ በርስ ጦርነት ገና ሳያበቃ። የትውልድ ቦታው ሆርታሌዛ ያኔ ከማድሪድ ወጣ ያለች መንደር ነበረች። ዛሬ የከተማዋ አንድ ክፍል ሆናለች። በኋላ «የሆርታሌዛው ጠቢብ» የሚለው ቅጽል ስም የወጣለት ከዚህ ነው።

በወጣትነቱ ሪያል ማድሪድ አስፈረመው፤ ቦታ ግን አልሰጠውም። በውሰት ከክለብ ክለብ ዞረ። ኦቪዶ ተጫወተ፣ ቤቲስ ሦስት ዓመት ቆየ። በ1964 ወደ አትሌቲኮ ማድሪድ ሲገባ 26ኛ ዓመቱን እየያዘ ነበር። ቤቱን ያገኘው እዚያ ነው። አሥር ዓመት ተጫወተ። ሦስት የሊግ ዋንጫ፣ ሁለት የስፔን ጥሎ ማለፍ ዋንጫ አነሳ። በ1969/70 የውድድር ዘመን 16 ግብ አስቆጥሮ ከቡድን ጓደኛው ከጋራቴና ከሪያል ማድሪዱ አማንሲዮ ጋር የኮከብ ግብ አግቢነቱን ተጋራ። አትሌቲኮ በ1966 በማንሳናሬስ ወንዝ ዳር አዲስ ስታዲየም ሲከፍት፣ በሜዳው የመጀመሪያውን ግብ ያገባውም እሱ ነው።

ፊት ለፊት ቆሞ ኳስ የሚጠብቅ አጥቂ አልነበረም። ከዋናው አጥቂ ትንሽ ወደ ኋላ ቀረት ብሎ ይጫወታል፤ ኳስ ያከፋፍላል፣ በድንገት ሳጥን ውስጥ ይገባል። እግሩ ትልቅ ስለነበር ጫማውን የሚያነሳ ቅጽል ስምም ነበረው። ከሁሉም በላይ የሚፈራው በቅጣት ምት ነው። ለአትሌቲኮ በአጠቃላይ 173 ግብ አስቆጥሯል። ይህ የክለቡ ሪከርድ እስከ ጃንዋሪ 2024 ማንም ሳይሰብረው ቆይቶ አንቷን ግሪዝማን ነው የሰበረው። ግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል መሆኑ ነው።

አሁን ወደ ትልቁ ምሽት እንምጣ። ሜይ 15 ቀን 1974፣ ብራሰልስ፣ ሄይሰል ስታዲየም። የአውሮፓ ክለቦች ዋንጫ ፍጻሜ፣ የዛሬው ሻምፒዮንስ ሊግ። አትሌቲኮ ከባየርን ሙኒክ። በባየርን በኩል ቤከንባወር፣ ገርድ ሙለር፣ ሴፕ ማየር አሉ። መደበኛው ሰዓት 0 ለ 0 አለቀ። በጭማሪው ሰዓት 114ኛው ደቂቃ ላይ አትሌቲኮ ከሳጥኑ ጫፍ ቅጣት ምት አገኘ። ሉዊስ መጣ። ኳሱን ከግድግዳው በላይ ጠምዝዞ ላከው። ማየር ከቆመበት ሳይነቃነቅ ኳሷ መረብ ነካች። ሉዊስ 35 ዓመቱ ነው። እጁን ወደ ላይ ዘርግቶ ሮጠ።

ዋንጫው በእጅ ገባ ተባለ። ሊያልቅ ጥቂት ሰከንዶች ሲቀሩት የባየርን ተከላካይ ሽቫርዘንቤክ ኳስ ይዞ መጣ። ግብ በማግባት የሚታወቅ ሰው አይደለም። የሚያቀብለው ሰው ሲያጣ ከሩቅ መታው። ገባ። 1 ለ 1። ያኔ እንዲህ ያለ ፍጻሜ በመለያ ምት አይለይም ነበር፤ በድጋሚ ጨዋታ ነው። ከሁለት ቀን በኋላ ባየርን 4 ለ 0 አሸነፈ። ሆነስ ሁለት፣ ሙለር ሁለት።

ይህ ሽንፈት የአትሌቲኮን ደጋፊ ለትውልድ ያቆሰለ ነው። አርባ ዓመት ቆይቶ፣ በሜይ 2014፣ ሉዊስ በሞተ በአራተኛው ወር ገደማ አትሌቲኮ ሊዝበን ላይ ለሌላ ፍጻሜ ቀረበ። የሉዊስ ስም በማሊያው አንገትጌ ውስጠኛ ክፍል ተጽፎ ነበር። እስከ 93ኛው ደቂቃ ሲመሩ ቆይተው ሰርጂዮ ራሞስ አቻ አደረገባቸው። ሪያል ማድሪድ በጭማሪ ሰዓት 4 ለ 1 ወሰደው። ራሞስ ደግሞ በ2008 የሉዊስ የቀኝ ተከላካይ የነበረው ልጅ ነው። ሌላም አለ። በ1974 ሽቫርዘንቤክ ያገባበት በረኛ ሚጌል ሬይና ይባላል። ልጁ ፔፔ ሬይና በ2008 ከሉዊስ ጋር የአውሮፓ ዋንጫ አንስቷል።

በወራት ውስጥ አለቃ መሆን

ከብራሰልስ ጥቂት ወራት በኋላ አትሌቲኮ አሰልጣኙን ሁዋን ካርሎስ ሎሬንሶን አሰናበተ። ፕሬዚዳንቱ ቪሴንቴ ካልዴሮን የሾሙት ገና ሜዳ ላይ የነበረውን ሉዊስን ነው። ትናንት አብሯቸው ልብስ ሲቀይር የነበረ ሰው ዛሬ ማን ይሰለፍ፣ ማን ይቀመጥ ብሎ ይወስናል ማለት ነው። ኳስ ተጫውቶ የሚያውቅ ሰው ይህ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ይገባዋል። ጓደኛህን ተጠባባቂ ወንበር ላይ አስቀምጠህ ማታ ምን ትለዋለህ?

ሉዊስ ግን ወዲያው ውጤት አመጣ። ባየርን በአህጉራት ሻምፒዮኖች ዋንጫ አልጫወትም ስላለ አትሌቲኮ በምትኩ ገባ። ከአርጀንቲናው ኢንዴፔንዲዬንቴ ጋር ተጋጥሞ ከሜዳው ውጪ 1 ለ 0 ተሸነፈ፣ ማድሪድ ላይ በኤፕሪል 1975 2 ለ 0 አሸንፎ ዋንጫውን ወሰደ። በ1976 የስፔን ጥሎ ማለፍ ዋንጫ፣ በ1977 ደግሞ ላሊጋ ተከተለ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ረጅም ዘመን ሁሉ መዘርዘር አያስፈልግም። አትሌቲኮ ደጋግሞ ተመለሰ። ባርሴሎና፣ ኤስፓኞል፣ ሲቪያ፣ ቫሌንሲያ፣ ቤቲስ፣ ኦቪዶ፣ ማዮርካ አሠለጠነ። በስፔን ከፍተኛ ሊግ ከ700 በላይ ጨዋታ መርቷል። ሦስት ነገሮችን ብቻ ላንሳ፤ ሰውዬውን የሚያሳዩት እነሱ ናቸው።

አንደኛው ባርሴሎና ነው። ማርች 1988 ላይ የስፔን ጥሎ ማለፍ ዋንጫን አስገኘላቸው። ከወር በኋላ ተጫዋቾቹ ከፕሬዚዳንቱ ከኑኜዝ ጋር በውልና በግብር ክፍያ ተጣሉ። ሄስፔሪያ በሚባል ሆቴል ጋዜጠኛ ጠርተው ፕሬዚዳንቱ ይልቀቁ አሉ። ሉዊስ ከተጫዋቾቹ ጋር አብሮ ተቀመጠ። አሰልጣኝ ቀጣሪውን ትቶ ከልጆቹ ጎን ሲቆም ምን እንደሚከተል ያውቃል። ተከተለም። ኑኜዝ ቆየ፣ ሉዊስ ሄደ፣ አብዛኞቹ ተጫዋቾችም ተበተኑ። በቦታው የመጣው ዮሐን ክሩፍ ነው። ሃያ ዓመት ቆይቶ ሉዊስ በስፔን ማሊያ የሚያጫውታቸው ልጆች ያደጉት ክሩፍ በባርሴሎና በተከለው መንገድ ነው።

ሁለተኛው የ1992 የስፔን ጥሎ ማለፍ ዋንጫ ፍጻሜ ነው። አትሌቲኮ ከሪያል ማድሪድ፣ ያውም በሪያል ሜዳ በበርናቤው። ከጨዋታው በፊት መልበሻ ክፍል ውስጥ ሰሌዳ ላይ ያለውን ታክቲክ አሳይቶ ሲያበቃ፣ ይሄ ሁሉ ዋጋ የለውም ብሎ ተወው። ዋናው ነገር እናንተ ትበልጣላችሁ፣ እኔም በዚህ ሜዳ መሸነፍ ሰልችቶኛል የሚል ነበር መልእክቱ። ሹስተር በቅጣት ምት፣ ፉትሬ በግራ እግሩ መትቶ አገቡ፤ 2 ለ 0። ለሉዊስ ታክቲክ መሣሪያ እንጂ ሃይማኖት አልነበረም።

ሦስተኛው ማዮርካና ሳሙኤል ኤቶ ነው። በ2000/01 ትንሿን ማዮርካ ሦስተኛ አድርጎ ሻምፒዮንስ ሊግ አስገባት። ኤቶ ያኔ ገና ወጣት ነው፣ ሪያል ማድሪድ ቦታ የነፈገው፣ ልክ እንደ ሉዊስ። አንድ ቀን ተቀይሮ ሲወጣ ተናደደ። ሉዊስ ማሊያውን ጨምድዶ ይዞ በካሜራ ፊት ገሠጸው። ሰውዬው ሲቆጣ እንኳ ተጫዋቹን አንቱ ነበር የሚለው። ኤቶ አልተቀየመም፤ ከዚያ በኋላም ለሰውዬው ያለውን ክብር ደብቆ አያውቅም።

ስፔን ምን ነበር የጎደላት?

በ2004 ክረምት ሉዊስ ብሔራዊ ቡድኑን ተረከበ። እንደጀመረ ስሙን ያጎደፈ ነገር ሠራ፣ ይህንንም ሳልናገር አላልፍም። ልምምድ ላይ ያኔ የአርሴናል ተጫዋች የነበረውን ሬዬስን ሊያነሳሳ ብሎ፣ ስለ ቡድን ጓደኛው ስለ ቲዬሪ ሆንሪ በቆዳ ቀለሙ የሚያዋርድ ስድብ ተናገረ። የቴሌቪዥን ካሜራ ቀዳው። ሉዊስ ዘረኛ አይደለሁም፣ ልጁን ላበረታታ ነው አለ። ከሳምንታት በኋላ ስፔንና እንግሊዝ በበርናቤው ሲጫወቱ ተመልካቹ በጥቁር ተጫዋቾች ላይ የጦጣ ድምፅ አሰማ። የስፔን ፌዴሬሽን በፊፋ 100,000 የስዊዝ ፍራንክ ተቀጣ። ሉዊስን ግን ፌዴሬሽኑ የቀጣው 3,000 ዩሮ ብቻ ነው። ቅጣቱ ከጥፋቱ ጋር አይመጣጠንም። ማበረታቻ ነበር የሚለው ማብራሪያም ስድቡን ስድብ ከመሆን አያድነውም። ሰውዬው ትልቅ ሥራ ሠርቷል፣ ይሄንንም ሠርቷል።

ወደ ሜዳው እንመለስ። ስፔን ከ1920ው የአንትወርፕ ኦሎምፒክ ጀምሮ «ቁጣ» የሚል ስም ይዛ ኖራለች። ጉልበት፣ ግጭት፣ ወኔ። ችግሩ ወኔ ሁሉም ጋ አለ። ጀርመን ከስፔን የበለጠ ቁመት አላት፣ ጣሊያን የበለጠ ብልጠት አላት። ስፔን በ1964 አንድ የአውሮፓ ዋንጫ አንስታ ከዚያ በኋላ 44 ዓመት ባዶ እጇን ቆየች።

በ2006 የዓለም ዋንጫ ጅምሩ ያማረ ነበር። ዩክሬንን 4 ለ 0 አሸነፉ። ከዚያ በጥሎ ማለፉ መጀመሪያ ዚዳን ያለባት ፈረንሳይ 3 ለ 1 ሸኘቻቸው። በሴፕቴምበር ቤልፋስት ላይ በሰሜን አየርላንድ 3 ለ 2 ተሸነፉ። ዴቪድ ሂሊ ብቻውን ሦስት አገባባቸው። በኦክቶበር ስዊድን 2 ለ 0። ጋዜጦች ይሄ ሽማግሌ ይውረድ አሉ። የ2008 የአውሮፓ ዋንጫ ማጣሪያ ከእጅ ሊወጣ ነበር።

ትልቁን ውሳኔ የወሰነው በዚህ ጊዜ ነው። ራውልን ተወው።

ራውል ማለት በወቅቱ ለስፔን ምን ማለት እንደነበር ለማስታወስ ያህል፦ የሪያል ማድሪድ አምበል፣ ለብሔራዊ ቡድን 102 ጨዋታ፣ 44 ግብ። ቤልፋስት የመጨረሻው ሆነ። ለሁለት ዓመት ያህል ሉዊስ በሄደበት ሁሉ «ራውልስ?» ተባለ። አንድ ጊዜ ሲወተውቱት ጥያቄውን በጥያቄ መለሰ። ራውል ስንት የዓለም ዋንጫ ተጫውቷል? ሦስት። ስንት የአውሮፓ ዋንጫ? ሁለት። ስንቱን አሸነፍን?

መልሱ ጨካኝ ይመስላል። በራውል ብቻ የተፈረደበትም ይመስላል። ግን ዋናው ጉዳይ ራውል አልነበረም። አንድ ትልቅ ስም በቡድኑ መሐል ሲቀመጥ ሁሉም ነገር በእሱ ዙሪያ ይሠራል። ሉዊስ ቡድኑን በሌላ ሰው ዙሪያ መሥራት ፈለገ። ያ ሰው የባርሴሎናው አማካይ ዣቪ ነው።

ጨዋታው ሲብራራ

በዚያ ዘመን ስፔን ካሏት ተጫዋቾች ምርጦቹ አጫጭር ነበሩ። ዣቪ፣ ኢኒዬስታ፣ ሲልቫ፣ ሦስቱም ከ1.75 ሜትር በታች። ሌላ አሰልጣኝ ቢሆን ከሦስቱ አንዱን ያሰልፍና ጎኑ ሁለት ግዙፍ ያቆምለታል። የተለመደው እሱ ነበር። ሉዊስ ግን አብረው አሰለፋቸው፣ አንዳንዴም ፋብሬጋስን ጨመረላቸው።

ምክንያቱ ቀላል ነው። አጭር ሰው የሚሸነፈው ኳሱ በሁለት ሰዎች መካከል ሲሆን ነው። በአየር ላይ ሲሆን፣ ለትከሻ ግፊያ ሲሆን። ኳሱ እግርህ ሥር ከሆነ ግን ቁመት ትርጉም የለውም። ስለዚህ ጉልበት እንዳታጣ ጉልበት የሚጠይቀውን ጨዋታ አታጫውት። ልጅ ሆነን መሐል ባልገባ ስንጫወት የሚደክመው መሐል ያለው ነው፣ ዙሪያውን የቆመው አይደክምም። የስፔን ጨዋታ በትልቁ ሜዳ ላይ እሱ ነበር።

ሰው ብዙ ጊዜ የሚረሳው ነገር አለ። ቅብብሉ ለማጥቃት ብቻ አልነበረም፤ መከላከያም ነበር። ኳሱ እኔ ጋ ከሆነ አንተ ልታገባብኝ አትችልም። በ2008 ስፔን በሩብ ፍጻሜ፣ በግማሽ ፍጻሜና በፍጻሜ አንድም ግብ አልገባባትም። ከኋላ የነበሩት ፑዮልና ማርቼና ነበሩ። ማርቼናን ማንም በዓለም ምርጥ ተከላካይ ዝርዝር ውስጥ አይጽፈውም። ኳሱ ብዙ ጊዜ ወደ እሱ ስለማይደርስ ግን በቂ ነበር።

ይህ ሁሉ እንዲሠራ አንድ ጠባቂ ያስፈልጋል። ማርኮስ ሴና ነው። ብራዚል የተወለደ፣ የቪያሪያል ተጫዋች፣ 31 ዓመቱ። ከተከላካዮቹ ፊት ይቆማል። ኢኒዬስታና ሲልቫ ከመስመር ወደ መሐል ሲገቡ፣ ራሞስና ካፕዴቪያ በመስመሩ ወደ ፊት ሲወጡ፣ የሚተውትን ባዶ ቦታ የሚሞላው እሱ ነው። ኳስ ቢነጠቁ መጀመሪያ የሚደርሰው እሱ ነው። ነጥቆም አይጨናነቅም፤ ቅርብ ላለው ለዣቪ ይሰጣል። የውድድሩ ምርጥ ተጫዋች የተባለው ዣቪ ነው፣ ይገባዋልም። ግን የዚያን ዓመት ጨዋታዎች ዛሬ ፈልጋችሁ የምታዩ ከሆነ ዐይናችሁን ሴና ላይ አድርጉ። ቡድኑ እንዴት እንደቆመ የሚገባችሁ ያኔ ነው።

ጨዋታው መጀመሪያ ሙሉ ሆኖ የታየው ኦክቶበር 13 ቀን 2007 ዴንማርክ፣ ኦርሁስ ላይ ነው። አጥቂዎቹ ቪያም ቶሬስም በመጀመሪያው አሰላለፍ አልነበሩም፤ ሉዊስ ፊት ላይ ታሙዶን ብቻ አቁሞ አማካዩን በትናንሾቹ ሞላው። 3 ለ 1 አሸነፉ። ራሞስ ያገባት ሁለተኛዋ ግብ ከ20 በላይ ቅብብል የተደረገባት ነች። የውድድሩ ዋንጫ ገና ሩቅ ነው፣ መልኩ ግን ያን ምሽት ታውቋል።

እዚህ ጋ አንድ የተለመደ ስህተት ላርም። ብዙዎች ይህን ጨዋታ ስፔን ከጋርዲዮላ ባርሴሎና ቀዳች ይላሉ። የጊዜው ቅደም ተከተል አይፈቅድም። ጋርዲዮላ ባርሴሎናን የተረከበው በ2008 ክረምት ነው፤ የመጀመሪያውን የሊግ ጨዋታ ሲመራ ስፔን ዋንጫውን አንስታ ነበር። ከእሱ በፊት በነበረው በ2007/08 ባርሴሎና ያለ ዋንጫ ሦስተኛ ሆኖ ነው የጨረሰው። ልጆቹን ያሳደገው የባርሴሎና ትምህርት ቤት ነው፣ ያ እውነት ነው። አምኖባቸው የአገር ቡድን በእጃቸው ያስረከበው ግን የአትሌቲኮው ሰው ነው።

ቪየና

ሰኔ 2000 ዓ.ም. በእኛ አቆጣጠር። ውድድሩ በኦስትሪያና በስዊዘርላንድ ነው። ስፔን ሩሲያን 4 ለ 1 አሸነፈች፤ ቪያ ሦስት አገባ። ስዊድንን 2 ለ 1፣ ግሪክን 2 ለ 1። ሩብ ፍጻሜ ላይ ጣሊያን መጣች። ቀኑ ጁን 22 ነው። ስፔናውያን ይህን ቀን ይጠሉታል። በ1986 ከቤልጂየም፣ በ1996 ከእንግሊዝ፣ በ2002 ከደቡብ ኮሪያ ጋር በመለያ ምት የወደቁት በዚሁ ቀን ነው። አሁንም 0 ለ 0፣ አሁንም መለያ ምት። የስፔኑ በረኛ ካሲያስ የዴ ሮሲንና የዲ ናታሌን አዳነ። የጣሊያኑ ቡፎንም የጉይዛን አዳነ። የመጨረሻዋን ፋብሬጋስ፣ የ21 ዓመት ልጅ፣ አገባት። 4 ለ 2። የአገሩ ፍርሃት የተሰበረው ከፍጻሜው ይልቅ በዚህ ምሽት ነው ብዬ አምናለሁ።

ግማሽ ፍጻሜ እንደገና ሩሲያ። በመጀመሪያው አጋማሽ ቪያ ተጎዳ። በአራት ግብ የውድድሩ ኮከብ ግብ አግቢ ነው የሄደው። ሉዊስ በአጥቂ ፋንታ ፋብሬጋስን አስገባ። አማካይ ላይ አምስት ሆኑ። ሩሲያ ኳስ ማየት አቃታት፤ 3 ለ 0። ለፍጻሜውም ያንኑ አሰላለፍ ይዞ ገባ።

ከፍጻሜው በፊት ባደረገው ንግግር የጀርመኑን አምበል ባላክን «ዋላስ» እያለ ይጠራው እንደነበር ተጫዋቾቹ ከዚያ በኋላ ደጋግመው ተርከዋል። ሲያርሙት እንደገና ዋላስ። ክፍሉ በሳቅ ሞላ። ተሳስቶ ይሁን አውቆ ማን ያውቃል፣ የፈሩት ሰው ግን ትንሽ አነሰባቸው።

ጁን 29 ስፔን ጀርመንን 1 ለ 0 አሸነፈች። ሉዊስ የአውሮፓ ዋንጫን ያነሳ በዕድሜ ትልቁ አሰልጣኝ ሆነ። መልቀቁ ውድድሩ ከመጀመሩ በፊት የታወቀ ስለነበር ወደ ቱርኩ ፌነርባቼ ሄደ። እዚያ አልተሳካለትም፤ አንድ ዓመት ቆይቶ ተመለሰ። ቪሴንቴ ዴል ቦስኬ ያንኑ ስብስብ ይዞ የ2010 የዓለም ዋንጫንና የ2012 የአውሮፓ ዋንጫን ወሰደ። ሉዊስ ስፔንን በ54 ጨዋታ መርቶ የተሸነፈው አራቱን ብቻ ነው፣ አራቱም በ2006። ፌብሩዋሪ 1 ቀን 2014 በደም ካንሰር ሲሞት፣ ያለ እሱ ይህ ሁሉ አይሆንም ነበር ብሎ የመሰከረው ዣቪ ነው።

አሁን የፍጻሜዋን ግብ እንያት። ኳስ በመያዝ የተመሰገነው ቡድን ዋንጫውን ያገኘው በሃያ ቅብብል አይደለም። 33ኛው ደቂቃ ላይ ዣቪ አንድ ኳስ ከተከላካዮቹ ጀርባ ሰደደ። ፈርናንዶ ቶሬስ ተከትሏት ሮጠ። የጀርመኑ ተከላካይ ላም ቀድሞት ነበር፣ ግን አመነታ። ቶሬስ በጎኑ አልፎት፣ በረኛው ሌማን ሲወጣ ኳሷን በላዩ አንስቶ ወደ ሩቁ ቋሚ አሳለፋት። አንድ ማለፊያ፣ አንድ ሩጫ፣ አንድ ምት። ይህ ንጹሕ የመልሶ ማጥቃት ግብ ነው፣ አትሌቲኮ በ60ዎቹና በ70ዎቹ ሲያገባው የኖረው ዓይነት። ቶሬስም ከየትም የመጣ አይደለም። አትሌቲኮ ሁለተኛ ዲቪዚዮን ወርዶ በነበረ ጊዜ፣ በ2001/02፣ የ17 ዓመት ልጅ ሳለ ያሠለጠነው ሉዊስ ነው፤ ክለቡንም ወደ ላይ የመለሰው እሱ ነው። አማካዮቹ ኳሷን እንዳያጡ አደረገ፣ አጥቂው ግን እንዳይጠብቃቸው፣ ቀዳዳ ባየ ቁጥር እንዲሮጥ ነገረው። ሁለቱንም በአንድ ቡድን ውስጥ ያስቀመጠው፣ ሁለቱንም የሚሠሩ ሰዎች ስለነበሩት ነው።